የገና ሳምንት ለጡረተኛ ወታደር፦ ደሴ ላይ ጉልበትን ሳይጨርሱ ሰፈርን ማገልገያ መመሪያ

ታኅሣሥ ከገባ የእኔ ስልክ አያርፍም። የእድሩ ጸሐፊ ይደውላል፣ ሰንበት ተማሪዎቹ ይደውላሉ፣ የትምህርት ቤት መምህር ይደውላል። «ሃምሳ አለቃ፣ ዘንድሮም አይቀሩብንም አይደል?» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጄን ደሴ ተመልሼ፣ ለዓመታት የሚፈልገኝ ሰው ያለ ሳይመስለኝ ኖሬያለሁ። በ1991 ዓ.ም. እንደገና ተጠርቼ ዘመትኩ፤ ግራ እግሬን ከጉልበት በታች ፈንጂ ወሰደው። ስለዚህ የሚጠራኝ ሰው መኖሩ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ግን አንድ ዓመት ለጠራኝ ሁሉ እሺ አልኩ። ሰው ሠራሹን እግር ከጠዋት እስከ ማታ ሳላወልቅ ስዞር ሰነበትኩና ገናን አልጋ ላይ ዋልኩ፤ ጉማጁ ቆስሎ አመርቅዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳምንቱን ወረቀት ላይ ሳላወጣ አልጀምርም። ይህን የጻፍኩት እንደኔ ላሉ የቀድሞ ወታደሮች ነው፤ ቤታቸው ውስጥ አዛውንት ወታደር ያላቸው ልጆችም ቢያነቡት ይጠቅማቸዋል። የጻፍኩት በደሴ ልክ ነው። ኮምቦልቻ ያላችሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ስለሆናችሁ ብርዱ ይቀንስላችኋል እንጂ ሌላው ያው ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ

ከታኅሣሥ 10 በፊት አንድ ሉክ ወረቀት ውሰዱ። ከታኅሣሥ 23 እስከ 30 ያሉትን ቀናት ወደ ታች ደርድሩና በየቀኑ ትይዩ አንድ ዋና ሥራ ብቻ ጻፉ። ዋና ሥራ የምለው ከ2 ሰዓት በላይ የሚያቆመውን ወይም ልብ የሚከብድበትን ነው። የሟች ጓድ ቤት ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢወስድም ዋና ሥራ ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቤት ሄዶ መሳቅ አይቻልም።

ግብዣ ሲመጣ «ምን እንድሠራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከፊት ወንበር ተቀምጠው እንዲያደምቁልን» ካሉኝ አመስግኜ አልፋለሁ። የምንቀው ሆኖ አይደለም። ሃምሳ አለቃ የነበረ ሰው ለ30 ሰው ውሃና ስንቅ ማከፋፈል ያውቃል፤ ሰልፍ ማስያዝ፣ መዝገብ መያዝ፣ ሌሊት ተረኛ ማቆም ያውቃል። ሰፈር በበዓል ሰሞን የሚቸገረው ደግሞ በዚሁ ነው። እውቀታችሁን የሚፈልገውን ሥራ አስቀድሙ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። 2016 እንደዚያ ነበር፤ 2020ም እንደዚያው ይሆናል። በእነዚያ ዓመታት ከዚህ በታች የጻፍኩትን ቀን ሁሉ በአንድ ወደ ኋላ ሳቡት።

እግር ላጣ ሰው

እግር ያላችሁ ይህን ዝለሉት፤ ከእኔ ጋር ያላችሁ ግን ከሌላው ሁሉ በፊት አንብቡት።

በኅዳር መጨረሻ ደሴ ወዳለው የአካል ድጋፍ ማዕከል ሄዳችሁ ሰው ሠራሹን እግር አስፈትሹ። የላላ ማሰሪያ ወይም የሰፋ ማቀፊያ በተራ ቀን ይቻላል፣ በበዓል ሳምንት ግን ያቆስላል። ጉማጅ በብርድ ይኮማተራል፤ ጠዋት በ2 ካልሲ ልክ የነበረው ከቀትር በኋላ 3 ይፈልጋል። ስለዚህ ትርፍ ካልሲ ከኪስ አይጥፋ። ቀትር ላይ አውልቁት፤ ቢያንስ 1 ሰዓት ይረፍ። የሰው ቤት ከሆናችሁም አትፈሩ። እኔ «እግሬን ላሳርፍ» እላለሁ፤ ወሎ ውስጥ እንደዚህ ብዬ ትራስ ያላመጣልኝ ቤት እስካሁን አላየሁም።

ጉማጁን ማታ እጠቡ። ጠዋት ካጠባችሁት ቆዳው እርጥብ እንዳለ ማቀፊያው ውስጥ ይገባና ይላጣል። ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ በደንብ ማድረቅ። በትንሽ መስታወት ከሥሩ ተመልከቱ። አውልቃችሁ 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላም የማይጠፋ ቅላት ካያችሁ ነገ በክራንች ነው የምትሄዱት። ክራንች ይዞ መታየት የሚያሳፍረው ጓድ አለኝ። እኔም እንደዚያ ነበርኩ፤ አልጋ ላይ ያስዋለኝም ያ ሀፍረት ነው።

ወደ ላሊበላ የሚያልፉት እግረኞች

ለእኔ የሰሞኑ ትልቁ ሥራ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ታኅሣሥ 26 ውሃ አሙቆ እግረኛ የሚጠብቅ ሰው ዘግይቷል። ከደሴ ወልድያ ብቻ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወልድያ በኋላ ገና የላስታ ተራራ አለ። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ለገና ላሊበላ ለመድረስ ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ደሴን ማለፍ አለበት። እግረኛው የሚመጣው ከታኅሣሥ 12 እስከ 19 ባለው ጊዜ ነው ብላችሁ ተዘጋጁ። በአውቶቡስ የሚሄደው ነው ታኅሣሥ 25 እና 26 የሚበዛው፤ ለእሱ ውሃ፣ ሻይ፣ ዳቦና ንጹሕ መጸዳጃ ቤት ይበቃዋል።

ጣቢያውን ዋናው መንገድ ዳር፣ ጥላና ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ትከሉ። የእድር ድንኳን፣ 4 ሳፋ፣ 6 ጀሪካን፣ ሁለት ትልልቅ ማንቆርቆሪያ፣ አጭር ዱካ፣ ንጹሕ ፎጣ፣ ሳሙና፣ ጓንት፣ ፋሻ፣ ቫዝሊን፣ በረኪና። የሰው አመዳደቤ ከሠራዊት ቤት የመጣ ነው፦ ሁለት ውሃ አሙቂ፣ ሁለት አጣቢ፣ አንድ ምግብ አቅራቢ፣ አንድ መዝጋቢ። መዝጋቢው ስም አይጽፍም፣ ቁጥር ብቻ። ነገ ስንት ዳቦ እንደሚያስፈልግ የምናውቀው ከዛሬው ቁጥር ነው። ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ ከሥራ በኋላ ብትመጣ ደግሞ ጣቢያው ሙሉ ነው።

በሠራዊት ቤት እግር እንደ ጠመንጃ ይፈተሻል። እግሩ የቆሰለ ወታደር ጓዶቹን ሁሉ ያዘገያል፤ ስለዚህ ማታ ማታ አለቃ በባትሪ የእያንዳንዱን ተረከዝ ያያል። አሁን እኔ አንድ እግር ይዤ የሰው ሁለት እግር አያለሁ። አደራረጉ እንዲህ ነው።

1. በቅድሚያ «ስኳር አለብዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። የስኳር ሕመምተኛ ሙቀቱ ላይሰማው ስለሚችል ሳያውቀው ይቃጠላል። ለእሱ ለብ ያለ ውሃ ብቻ ይሁን፤ አትዘፍዝፉት፤ የውስጥ እግሩን ግን በጥንቃቄ እዩለት።
2. ውሃውን በክርናችሁ ሞክሩ። መዳፍ በሥራ የደነደነ ስለሆነ ያታልላል።
3. በሳሙና እጠቡ፤ የጣቶቹን መሐል አትርሱ፤ ያንኑ መሐል በፎጣ አድርቁ። እርጥብ የቀረ ጣት ነገ ይሰነጠቃል።
4. ውሃ የቋጠረ ቦታ ትንሽ ከሆነና ካልፈነዳ አትንኩት፤ በፋሻ ሸፍኑት። ትልቅ ሆኖ መርገጥ የሚከለክል ከሆነ ነርሷ በንጹሕ መርፌ ከጎኑ ታፍስሰው፤ ቆዳው ግን አይገፈፍ። ያ ቆዳ የተፈጥሮ ፋሻ ነው።
5. ተረከዝና የጣት ሥር ቫዝሊን ቀቡ። ጫማ ለሚያደርግ ሰው ደረቅ ካልሲ ስጡ። ባዶ እግሩን የሚሄድ የተሳለ ሰው ነውና ካልሲ ይዛችሁ አትጨቅጭቁት፤ እግሩን በደንብ እጠቡለትና ይሂድ።
6. ያበጠ፣ የጋለ፣ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ያለው እግር ካያችሁ ጤና ጣቢያ ይሂድ። «ስእለት ነው፣ አልቆምም» ይላችኋል። እኔ እንደዚህ ያለውን ሰው በባጃጅ ራሴ ይዤ ሄጃለሁ፤ በማግስቱ መንገዱን ቀጥሏል።

ለእያንዳንዱ ሰው ውሃው ይቀየር፤ ሳፋው በበረኪና ይታጠብ። ምግቡ የጾም ነው፤ ለመንገድ ደግሞ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በሶ። በሶውን በትንሽ ፌስታል ከስኳር ጋር ቋጥራችሁ ስጡ። በውሃ በጥብጦ የጠጣ ሰው ሐይቅ ከተማ እስኪደርስ ይይዘዋል፤ ከዚያ በውጫሌና በመርሳ ያለው ሰው ይቀበለዋል።

ጀሪካን ከሚያቀብሉኝ አንዱ ሸዋ በር መስጊድ ሱብሒ ሰግዶ በቀጥታ የሚመጣ ጎረቤቴ ነው። እሳት የሚያነደው እሱ ነው፤ እኔ ስደርስ ውሃው ሞቋል። ረመዳን ላይ ደግሞ የማፍጠሪያውን ውሃ የምሸከመው እኔ ነኝ። ደሴ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ምኑ ይገርማል ይላል። ከሌላ አገር የመጣ ግን ሲጠይቀኝ አይቻለሁና ነው የጻፍኩት።

ታኅሣሥ 23 እና 24፦ ገበያና ቅርጫ

በሬው ከዋዜማው በፊት ባለው የመጨረሻው ሰኞ ይገዛ። ደሴ ላይ ሰኞ ገበያ በስሙ የሚጠራ ቀን ስላለው ምርጫው ሰፊ ነው፤ ዋዜማ ላይ የሄደ ሰው ግን የተረፈውን በውድ ይገዛል። ብሩ ታኅሣሥ 20 ላይ ተሰብስቦ ይለቅ። ሰብሳቢ አንድ፣ ጸሐፊ ሌላ ሰው ይሁን። ይህ ካለመተማመን የመጣ አይደለም። ወዳጆች በ200 ብር ሒሳብ ሲኳረፉ አይቻለሁ፤ ሁለት እጅ የጻፈው ደብተር ያን ያስቀራል።

በሬውን ቆሞ ብቻ አትዩት፤ አስኪዱት። አፍንጫው እርጥብ፣ ዐይኑ የጠራ፣ ፋንድያው ያልቀጠነ ይሁን። ገመድ የሚይዝ ወጣት ውሰዱ፤ አንድ እግር ይዞ በሬ መጎተት የለም።

የእኛ ቅርጫ 12 አባወራ ነው፤ ሥጋው ግን 13 መደብ ይሆናል። አሥራ ሦስተኛው ቅርጫ መግባት ላልቻለ ቤት ነው፤ ዋጋውን 12ቱ ይካፈሉታል። ለማን እንደሚሰጥ የምናውቀው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ ሰው ሳያይ በጓሮ በር ይደርሳል። ይህን ስትጀምሩ አንድ ሰው «ታዲያ ማን እንደወሰደው እንወቅ» ማለቱ አይቀርም። እሺ አትበሉት።

ታኅሣሥ 25፦ ደም ባንክ

ይህ ቀን አጭር ነው። ደም የሚሰጠው ከ18 እስከ 65 ዓመት ያለ፣ ከ45 ኪሎ በላይ የሆነ፣ ከዚህ በፊት ከሰጠም 3 ወር የሞላው ጤነኛ ሰው ነው። እኔ ዕድሜዬ ሊያልፍ ነው፤ ስለዚህ አሁን ሥራዬ የሰፈር ልጆችን ሰብስቦ መውሰድ ሆኗል። ጿሚዎች ስለሆኑ ጠዋት ውሃ ጠጥተው፣ ሽሮ በእንጀራ በልተው ይምጡ፤ ባዶ ሆዱን የመጣ ይወድቃል። በበዓል ሰሞን ቁስለኛ ይበዛል፤ በግንባር በሰው ደም የተረፈ ሰው ይህን ለልጆች ሲናገር ይሰሙታል።

ጉልበት ያለው ከቀትር በኋላ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የተኙትን ይጠይቅ። የሥጋ ደዌ ታካሚዎች ስላሉ የሚፈሩ አሉ። ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም፤ እጁን ጨብጡት። ከምትወስዱት ብርቱካን ይልቅ እጁን መጨበጣችሁን ነው የሚያስታውሰው።

ታኅሣሥ 26፦ ትምህርት ቤት

ቅዳሜ ወይም እሑድ ከዋለ ወደ 25 ወይም 24 አምጡት። መምህሩን ቀድማችሁ አግኙና ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ክፍሉ ውስጥ በጦርነት ቤተሰብ ያጣ ልጅ አለ ወይ፣ ስንት ደቂቃ አለን።

የመጀመሪያው ጥያቄ ደሴ ላይ የግድ ነው። የእኛ ልጆች ጦርነትን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ማን ማንን እንደገደለ አላወራም። ሜዳልያ አልደረድርም። ካለን 45 ደቂቃ 15ቱን ብቻ እኔ እናገራለሁ፤ ቀሪው የእነሱ ጥያቄ ነው።

ከታሪክ አንድ የከተማቸውን ነገር ምረጡ። እኔ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡበትን ቀን እነግራቸዋለሁ። ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ነበሩ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታልም ተመትቷል። ከዚያ «ሆስፒታል ለምን አይመታም?» ብዬ እጠይቃለሁ። የሚመልሱት መልስ ከብዙ አዋቂ ይሻላል። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከሆነ ደግሞ ስሙ የተሰጣቸው እመቤት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት መሆናቸውን ጨምሩ፤ በየቀኑ የሚጠሩት ስም ነው።

ቀጥሎ መምህሩ ከፈቀደ እግሬን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክፍሉ ጸጥ ይላል። አንድ ጊዜ ከፊት የተቀመጠች ልጅ ተነሥታ መጣችና ካልሲውን በሁለት ጣቷ ነካ አድርጋ «ይበርደዋል?» አለችኝ። «እሱ አይበርደውም፤ የሌለው እግሬ ነው የሚበርደኝ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ በታኅሣሥ ሌሊት የሌለው አውራ ጣቴ ይቆረጥመኛል። እግሩን ካዩ በኋላ የምነግራቸውን አይረሱም፦ ሜዳ ላይ ጥይት ወይም የማያውቁት ብረት ያየ ልጅ አይንካ፤ አይወርውር፤ በመጣበት መንገድ ይመለስ፤ ለትልቅ ሰው ይንገር። ለብረት ለቃሚ ሊሸጥ ያነሣ ልጅ እንዳለም በግልጽ ጠይቁ። እጅ የሚያወጣ ካለ አትቆጡት፤ የት እንዳስቀመጠው ብቻ ጠይቁና ለመምህሩ ንገሩ፤ መምህሩ ለፖሊስ ያሳውቃል።

ታኅሣሥ 27፦ የጓዶች ቤት

ከሁለት ሰው በላይ ሆናችሁ አትሂዱ። ካሜራ አትያዙ። ግማሽ ኪሎ ቡናና ስኳር ይበቃል፤ ትልቅ ነገር ከወሰዳችሁ የቤቱ ሰው ምን ላቅርብ ብሎ ይጨነቃል። አቦሉን ጠጥታችሁ አትነሡ፤ በረካው ድረስ ተቀመጡ። ወሬው የሚመጣው ቶናው ላይ ነው።

የሟቹን ስም ጥሩ። ብዙ ሰው እናቲቱን ላለማስለቀስ ብሎ ስሙን ይደብቃል፤ እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ ስሙን የሚጠራላት ትፈልጋለች። አረብ ገንዳ አካባቢ የምጠይቃቸው አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ከእኔ ጋር ነበር። በየዓመቱ ቡናው ሲቀዳ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ያን ዕለት ብርድ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» እኔም በየዓመቱ «አይ እማማ፣ ፀሐይ ነበር፤ ኮቱን እንኳ አውልቆት ነበር» እላቸዋለሁ። እውነት ነው፤ አውልቆት ነበር። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን። ስሸኝ «አብሽር፣ አይዞህ» የሚሉኝ እሳቸው ናቸው።

የማታውቁትን አትመልሱ፤ ለማጽናናት ብላችሁም ታሪክ አትፍጠሩ። እናት ያንን ቃል ለሃያ ዓመት ይዛ ልትኖር ትችላለች። ከዚያ ቤት ስትወጡ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ሂዱ፤ የቀኑ ሥራ አልቋል።

ታኅሣሥ 28፦ ገሃድ

ጠዋቱን ተኙ። በእውነት ተኙ። ሌሊቱን መድኃኔዓለም ለማስቀደስ የሚሄድ ሰው ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ውርጭ ይጠብቀዋል፤ የጦሳ ተራራ ነፋስ ደግሞ ጋቢ አይከብደውም። ሁለት ልብስ ከውስጥ፣ ጋቢ ከላይ፣ ለጉማጁ ሱፍ። መቋሚያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ክብደቱን በደህናው እግርና በመቋሚያው ላይ ጣሉ፤ ሲደክማችሁ ተቀመጡ። ከእናንተ ጋር የሚመለስ ወጣት በስም ይመደብ፤ ድንጋዩ በሌሊት ያዳልጣል።

ታኅሣሥ 29፦ ገና

በሬው ጎሕ ሲቀድ ይታረዳል። ሥጋው ንጹሕ ሸራ ላይ ይመደብ፤ ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም ለ13ቱም መደብ ይድረስ። ሲያልቅ ሁሉም ቁልፍ፣ ጠጠር፣ ሳንቲም አንዳንድ ምልክት ይስጥ፤ ምደባውን ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ያስቀምጠው። አሥራ ሦስተኛውም ምልክቱ ከሌሎቹ ጋር ይደባለቅ፤ የተረፈው አይደለም የሚሰጠው።

የሩዝ ፍሬ የመሰለ ነጭ ነገር ሥጋው ውስጥ ካያችሁ የኮሶ ትል እጭ የያዘ ነውና ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ እንጂ አትብሉት። ባይታይም አብስላችሁ ብሉ። ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፤ ነገር ግን ሐኪም ያልመረመረው የግቢ እርድ ስለሆነ ለልጆች አላቀርብም።

ለሙስሊም ጎረቤቶች በግ ቀድማችሁ ግዙ፤ የሚያርደው ከእነሱ አንዱ ይሁን። ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው የተለየ ይሁን፤ የምታበስለውም ከእነሱ ቤት ብትሆን የበለጠ ጥሩ ነው። በዚህ አትስነፉ። እንግዳው ሳይጠራጠር መጉረስ አለበት።

ከቀትር በኋላ የገና ጨዋታ አለ። ዳኛው እኔ ነኝ፤ ወንበር ላይ ተቀምጬ በፊሽካ እመራለሁ። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ቢሆንም ዱላ ከጉልበት በላይ ያነሣ ይወጣል። ለትልልቆቹ የእንጨት ሩር፣ ለሕፃናት የጨርቅ ኳስ ስጡ። 40 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ጨዋታው ጠብ ይሆናል።

ታኅሣሥ 30፦ መመለስ

ድንኳኑ ደርቆ ይታጠፍ፤ እርጥቡን ካጠፋችሁት ለጥምቀት ሲዘረጋ ሻግቶ ታገኙታላችሁ። ሳፋና ጀሪካን ተቆጥረው ለእድሩ ይመለሱ፤ የተሰበረ ካለ ተጽፎ ይተካ። የቅርጫው ሒሳብ ለ12ቱም ፊት ይነበብ። ከዚያ ያንን የታኅሣሥ 10 ወረቀት አውጡና ያልደረሳችሁበትን ቤት ምልክት አድርጉ። ከተራ ጥር 10 ነው፤ 10 ቀን አላችሁ። ወረቀቱን ገልብጡና እነዚያን ቤቶች ከላይ አስቀድማችሁ ጻፉ።